በጧፍ ብርሃን ራው ቪዲዮ ስትቀርጹ ኖይዝ የሚቀነሰው እንዴት ነው?

«በራው ነው የቀረጽኩት፤ ታዲያ ለምን እንዲህ ይርመሰመሳል?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብሮት የሚላክልኝ ክሊፕም ይመሳሰላል፦ የማኅሌት ሌሊት፣ የምሽት ቡና፣ ወይም መብራት በጠፋበት ቤት በሻማ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ። ጥላው ውስጥ ጉንዳን የፈሰሰ ይመስላል፤ ጉንጭ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዘላል። ኖይዝ የምንለው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ በሥርዓት ልጻፈው ብዬ ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ቅሬታ «በድሮው ካሜራዬ እንዲህ አልነበረም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ስልካችሁም ሆነ በተለመደው ፎርማት የሚቀርጸው ካሜራችሁ ፋይሉን ከማስቀመጡ በፊት ኖይዙን ራሱ ይጠርጋል። ራው አይጠርግም፤ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያየውን ይዞ ይመጣል፣ ጽዳቱን ለእናንተ ይተወዋል። ካሜራው አልተበላሸም።

ኖይዙ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ የቀሩት ደረጃዎች ራሳቸው ግልጽ ይሆናሉ። ካፊያ ሲጀምር ግቢ ውስጥ አሥር ጣሳ ደርድሩ። ከደቂቃ በኋላ ብታዩ አንዱ ሦስት ጠብታ ይዟል፣ ጎረቤቱ ሰባት፣ ሌላው ባዶ ነው። ዶፍ ሲወርድ ግን ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። ፒክስሎቹም (ሴንሰሩ ላይ ያሉት ብርሃን የሚቀበሉ ጥቃቅን ነጥቦች) እንደዚያው ናቸው። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 የብርሃን ቅንጣት ከደረሰው ከፍሬም ወደ ፍሬም ወደ 10 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ 10 በመቶ ስለሆነ በዓይን ይታያል። 10,000 ሲደርሰው መዋዠቁ 100 ብቻ ነው፤ 1 በመቶ ስለሆነ አይታይም። በዚህ ላይ ካሜራው ምልክቱን ሲያነብ ከራሱ የሚጨምረው ጫጫታ አለ፤ ብርሃን ባነሰ ቁጥር እሱም ጎልቶ ይወጣል። ከታች የምትሠሩት ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መቀነስ ነው።

ለምሳሌ የያዝኩት ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬን ነው፤ ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከእሱ ባለቤቶች ስለሆነ። ሌላ ካሜራ ካላችሁ ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ራው የሚቀርጽ ካሜራና የሌንስ ክዳኑ (ክዳኑ ለሙከራ ያስፈልጋል፣ አትጣሉት)
- ሰፊ አፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳ) ያለው ሌንስ፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቢያንስ ኤፍ 2.8፣ ቢቻል ኤፍ 1.8
- ትራይፖድ ወይም ሞኖፖድ
- ፈጣን ውጫዊ ኤስኤስዲ እና አጭር ኬብል
- ግራጫ ካርድ፤ ከሌለ ያልተጨማደደ ግራጫ ወረቀት
- ትንሽ ባለ ባትሪ ኤልኢዲ መብራት (በሚፈቀድበት ቦታ ብቻ)
- ትርፍ ባትሪዎች
- ዳቪንቺ ሪዞልቭ (የቪዲዮና የቀለም ማስተካከያ ሶፍትዌር) የተጫነበት ኮምፒውተር፤ የሚከፈልበት «ስቱዲዮ» ቢሆን ይመረጣል፣ በነጻው የምትሠሩበትን ዘዴም ከታች አስቀምጫለሁ

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ የሞቁትን ፒክስሎች አጽዱ

ካሜራውን ከፍታችሁ 10 ደቂቃ ያህል እንዲሞቅ ተዉት። ክዳኑን ግጠሙ፣ ሴታፕ ውስጥ ገብታችሁ ፒክስል ሪማፕ የሚለውን አስጀምሩ። አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቦታውን ሳይለቅ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ የሚጠፋው በዚህ ነው። ይህን ነጥብ ከኖይዝ ጋር አታምታቱት፦ ኖይዝ በየፍሬሙ ቦታ ይቀያይራል፣ የሞቀ ፒክስል ግን እዚያው ተተክሎ ይቀራል። የኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር የማይንቀሳቀሰውን ነጥብ የምስሉ አካል አድርጎ ስለሚወስደው አይነካውም።

ደረጃ 2፦ የካሜራችሁን ሁለት መነሻ አይኤስኦ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አይኤስኦ የካሜራው የምስል ማጉያ ቁጥር ነው እንጂ ብርሃን አይጨምርም። ከሩቅ የሚመጣ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፁን ከፍ ስታደርጉት ዘፈኑም እሽሽታውም አብረው ከፍ ይላሉ፤ እንደዚያ ነው። ፖኬት 4ኬ ውስጥ ግን ሁለት የማጉያ መንገዶች አሉ። ከ100 እስከ 1000 ያለው አይኤስኦ በሙሉ መነሻው 400 በሆነው ይሠራል፤ ከ1250 እስከ 25600 ያለው ደግሞ መነሻው 3200 በሆነው። በአንዱ ክልል ውስጥ ቁጥሩን ብትቀያይሩ ሴንሰሩ የሚመዘግበው አይለወጥም። ቁጥሩ ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ ነው፤ በኋላ ሪዞልቭ ውስጥም ትቀይሩታላችሁ። ከ1000 ወደ 1250 ስትሻገሩ ግን የማጉያው መንገድ ራሱ ይቀየራል፣ ካሜራው ሲያነብ የሚጨምረው ጫጫታም ይቀንሳል። ስለዚህ ግራ የሚያጋባው ነገር ይሆናል፦ ጥላ ውስጥ 1250 ከ1000 ይልቅ ንጹሕ ነው።

እኔን አትመኑኝ፣ ራሳችሁ ሞክሩት። ክዳኑን ግጠሙና በ400፣ በ1000፣ በ1250፣ በ3200 እና በ6400 አምስት አምስት ሰከንድ ቅረጹ። ሪዞልቭ ውስጥ አምስቱንም ደርድራችሁ በሁሉም ላይ ጌይኑን (ማድመቂያውን) በእኩል መጠን ከፍ አድርጉ። 1000 ላይ ጥቁሩ ሲፈላ፣ 1250 ላይ ረጋ ሲል ታያላችሁ። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ጨለማ ቦታ ላይ 800 ወይም 1000 ላይ ቁጭ ብሎ አያድርም።

እንግዲህ በጨለማ ቦታ ምርጫችሁ ሁለት ነው፦ ወይ ለ400 የሚበቃ ብርሃን አምጡ፣ ወይ ተሻግራችሁ 3200 ላይ ቅረጹ። 6400 ብታደርጉት ሴንሰሩ ከ3200 የተለየ ነገር አይመዘግብም፤ የሚደምቀው ስክሪናችሁ ነው። ጉዳቱም እሱ ነው፤ ደምቆ ሲታያችሁ «በቃ» ብላችሁ ተጨማሪ ብርሃን መፈለጋችሁን ታቆማላችሁ። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ 1600 ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስክሪኑ ሲጨልምብኝ ሌንሱን ለመክፈት፣ ጠጋ ለማለት፣ ብርሃን ለመለመን እገደዳለሁ።

የሌላ ካሜራ ባለቤቶች፦ ፖኬት 6ኬ እንዲሁ 400 እና 3200 ነው። ሶኒ ኤፍኤክስ3 በኤስ-ሎግ3 (የሶኒ የቀረጻ ፕሮፋይል) 800 እና 12800 ነው። የእናንተን ከመመሪያው መጽሐፍ ፈልጋችሁ ካሜራው ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፍተኛው መነሻ ላይ ሴንሰሩ በደማቁ በኩል ቶሎ ይሞላል። የጧፉ ነበልባልና ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ነበልባሉን ለማዳን ብላችሁ ፊቱን አታጨልሙ፤ ነበልባል ነጭ ቢሆን ማንም አይከፋውም።

ደረጃ 3፦ ካሜራውን ከመንካታችሁ በፊት ብርሃኑን አቅርቡ

ከትንሽ የብርሃን ምንጭ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 4 እጥፍ ይሆናል። ይህ 2 ስቶፕ ነው (1 ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፣ ዋጋውም ዜሮ ብር። ቤት ውስጥ ቡና ስታስቀርጹ መብራቱ ከምታፈላው ልጅ 2 ሜትር ርቆ ከሆነ ወደ 1 ሜትር አምጡት፤ ወይም ረከቦቱን ወደ መብራቱ አስጠጉት። ኤልኢዲ ካላችሁ ፊት ላይ በቀጥታ አታብሩ፤ ነጭ ግድግዳ ወይም የተዘረጋ ነጠላ ላይ አንጥራችሁ ተጠቀሙበት፣ ጥላው ይለሰልሳል።

ማኅሌት ላይ ግን ይህ መብት የላችሁም። የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታስፈቅዱ መብራት ማብራት ቀርቶ ትራይፖድ መዘርጋትም አይገባም። እዚያ ያላችሁ ነጻነት የቦታ ምርጫ ነው። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ሲቆሙ አምፖሉ ወይም ጧፉ ፊታቸውን ከጎን የሚመታበትን ማዕዘን ፈልጉ። ብርሃኑ ከጀርባቸው ከሆነ ካሜራው የሚያየው የጠቆረ ፊትና ያበራ ጥምጣም ነው። ጧፍ የያዘ ሰው ደግሞ ለማንበብ መጽሐፉ ላይ ጎንበስ ሲል ፊቱ ወደ ነበልባሉ ይቀርባል፤ የሌሊቱ ምርጥ ምስል የሚገኘው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ ጠብቋት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጧፍ ሰሙ ይንጠባጠባል፣ ነጠላም በቀላሉ ይያያዛል። ኬብልና ቦርሳችሁን ከእግር መንገድ አርቁ።

ደረጃ 4፦ ለብርሃኑ በሩን ክፈቱለት

ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 2 መሄድ 4 እጥፍ ብርሃን ነው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው ኤፍ 3.5–5.6 ዙም ሌንስ ካላችሁ ዙም አታድርጉ፤ ስታቀርቡ አፐርቸሩ ራሱ ይጠብና ከ1 ስቶፕ በላይ ትከስራላችሁ። በእግራችሁ ቅረቡ። አንዱ መፍትሔ የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከ0.71 ስፒድ ቡስተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ አስማሚ) ጋር ነው፤ ብርሃኑን ሰብስቦ 1 ስቶፕ ስለሚጨምር እንደ ኤፍ 1.3 ይሆንላችኋል። የትኩረቱ ጥልቀት ቀጭን ስለሚሆን ፎከስ ፒኪንጉን (ትኩረት ያረፈበትን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን) አብሩ።

ኤንዲ ፊልተሩን (ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር መስታወት) አውልቁ። ይህን የምለው አንዴ ሙሉ ሌሊት ቫሪያብል ኤንዲ ገጥሜ ስለቀረጽኩ ነው። ከሰዓት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ስሠራ ገጠምኩት፣ ሲመሽ ዝቅተኛው ላይ አደረስኩትና ረሳሁት። ቫሪያብል ኤንዲ ዝቅተኛው ላይም ሆኖ ከ1 ስቶፕ በላይ ይበላል። ሊነጋጋ ሲል ሌንሱን ልጠርግ ጣቴን ስሰድ ነው ያገኘሁት፤ ካርዶቹ ግን ሞልተው ነበር።

ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በተመለከተ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ 180 ዲግሪ ማለት 1/50 ሰከንድ ነው። ወደ 360 ዲግሪ ብትከፍቱት 1/25 ይሆናል፣ ብርሃኑም እጥፍ። ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው ይህ ይሠራል። ለከበሮ መቺው እጅና ለጸናጽሉ ግን አትሞክሩት፤ እንቅስቃሴው ይጎተታል።

አገራችን ላይ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 እና 1/25 ያለ ብልጭታ ያሳልፏችኋል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ላላችሁ 60 ኸርዝ ነውና 1/60 ወይም 1/30 ተጠቀሙ። ጀነሬተር ላይ ከሆናችሁ ኸርዙ ሊዋዥቅ ስለሚችል አስር ሰከንድ ቀርጻችሁ መልሳችሁ እዩት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር የሚወርድ ከሆነ ሻተሩን ትንሽ በትንሽ አንቀሳቅሱ።

ደረጃ 5፦ ኤክስፖዠሩን በፊት ላይ ለኩ

ራው ላይ ደማቅ ቀርጻችሁ በኋላ ብታጨልሙት ኖይዙ አብሮ ይወርዳል። ጨለማ ቀርጻችሁ ብታደምቁት ኖይዙ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ግቡ ምንም የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሳይቃጠል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ሆኖ ሳይቀር) የተቻለውን ያህል ወደ ደማቁ መጠጋት ነው።

በዓይን አትገምቱ፤ ጨለማ ውስጥ የስክሪን ብርሃን ያታልላል። የብርሃኑን መጠን በቀለም የሚያሳየውን ፎልስ ከለርን አብሩ። ብላክማጂክ ላይ አረንጓዴ መካከለኛው ግራጫ ነው፣ ሮዝ ከእሱ 1 ስቶፕ ከፍ ያለ ነው፣ ቀይ የተቃጠለ፣ ሐምራዊ ደግሞ ጥቁር ውስጥ የሰጠመ ነው። መማሪያዎቹ «የፊት ቆዳ ሮዝ ላይ ይሁን» ይላሉ፤ ያ የተነገረው ለነጭ ቆዳ ነው። የእኛ ጠይም ፊት በትክክለኛው ኤክስፖዠር የሚያርፈው አረንጓዴው ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ይህን ካወቃችሁ ሮዙን ለጥቅማችሁ ታውሉታላችሁ፦ ብርሃኑ ከፈቀደ የፊቱን ደማቅ ጎን ሆን ብላችሁ ሮዝ ላይ አድርሱት፣ በኋላ በ1 ስቶፕ ታወርዱታላችሁ። አረንጓዴም ካልደረሰ ደረጃ 3 እና 4ን ደግማችሁ እዩ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ነጠላው። ነጭ ጨርቅ ከመካከለኛው ግራጫ በ2 ስቶፕ ከፍ ብሎ ይገኛል። ማኅሌት ላይ ፍሬሙ ግማሹ ነጭ ነው፣ ሂስቶግራሙም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በነጠላና በጥምጣም ብቻ ወደ ቀኝ ይሞላል። እሱን ያየ ካሜራማን «በዛ» ብሎ ሌንሱን ይዘጋል። ፊቶቹ ሐምራዊ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ቤት ገብቶ ሲያደምቃቸው ይፈላሉ። ሂስቶግራሙን ተዉት፤ ፎልስ ከለሩ ላይ ፊቱን ተመልከቱ፣ ነጠላው ላይ ደግሞ ቀይ መኖር አለመኖሩን ብቻ አረጋግጡ። የጨርቁ ጠርዝ ላይ ሽራፊ ቀይ ቢታይ ችግር የለውም። ጥልፉ ጠፍቶ ሰፊ ቦታ ከቀላ ግን ግማሽ ስቶፕ መልሱ።

ደረጃ 6፦ ዋይት ባላንሱን እስከ መጨረሻው አታቀዝቅዙ

የፊት ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ መነሻው ይህ ነው። የጧፍ ነበልባል 1900 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ቀይ ሞልቶታል፣ ሰማያዊ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ቻናል (ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሰማያዊውን የሚይዘው) ባዶውን የቀረ ጣሳ ነው። ነጠላው ነጭ እንዲሆን ብላችሁ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ እንዲመስል የሚያስተካክለውን የኬልቪን ቁጥር) ዝቅ አድርጋችሁ ስታቀዘቅዙት ሶፍትዌሩ ያን ባዶ ቻናል ብዙ እጥፍ ያባዛዋል፤ የሚባዛው ደግሞ ጫጫታው ነው።

ካሜራው ላይ ዋይት ባላንሱን 3200 ኬልቪን አድርጉና ቅረጹ። ራው ስለሆነ ይህም ማስታወሻ ነው፣ ምስሉን አይለውጠውም፤ ግን በስክሪናችሁ ላይ ትክክለኛውን ሞቅታ እያያችሁ ትሠራላችሁ። ኤዲቲንግ ላይ ከ2800 ኬልቪን በታች ለመውረድ አትቸኩሉ። ጧፍ ሞቅ ያለ ቢጫ መሆኑን ተመልካች ያውቃል፣ ነጭ ጧፍ አይጠብቅም። በተፈቀደበት ቦታ ደግሞ 5600 ኬልቪን የሆነች ትንሽ ኤልኢዲ በሩቅ ግድግዳ ላይ አንጥሩ። በዓይን እምብዛም አትታይም፣ ለሰማያዊው ቻናል ግን ምግብ ናት።

መፈተሻው ሪዞልቭ ውስጥ ፓሬድ ስኮፕ (ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየው ግራፍ) ነው። ቀይና አረንጓዴው ቆመው ሰማያዊው ከታች እንደ ወፍራም ጭጋግ ከተኛ ችግራችሁን አገኛችሁት።

ደረጃ 7፦ ኮምፕሬሽኑን ከሰዓቱ ጋር አስማሙ

ኖይዝ ለመጨመቅ አስቸጋሪ ነው። 12:1 ላይ (ፋይሉ ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛው ሲጨመቅ) ጨለማ ስትቀርጹ ደቃቁ ነጠብጣብ ተጨፍልቆ ትልልቅ እድፍ ይሆናል፤ እድፍን ደግሞ ሶፍትዌር እንደ ደቃቅ ነጠብጣብ አያጸዳውም። 3:1 ወይም 5:1 ምረጡ። ነገር ግን ቦታውን አስሉ፦ በ4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 5:1 በሰዓት 240 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፣ 3:1 ደግሞ 400 ገደማ። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ነው። እኔ ዋና ዋናውን በ5:1 እቀርጻለሁ፤ ኤስኤስዲው እያለቀ ከሆነ ወደ 8:1 እወርዳለሁ እንጂ ወደ 12:1 አልወርድም። ኪው 0 ወይም ኪው 5 የሚባለውን የቋሚ ጥራት ምርጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ኖይዝ በበዛ ቁጥር ፋይሉ እንደሚያብጥ አትርሱ፤ በቀን የለካችሁት ደቂቃ ሌሊት ላይ አይሠራም።

ደረጃ 8፦ ለሶፍትዌሩ ናሙና ቅረጹለት

በዚያው ቦታ፣ በዚያው አይኤስኦና ሻተር፣ ግራጫ ካርዱን ከፎከስ ውጪ አድርጋችሁ አምስት ሰከንድ ቅረጹ። እንደ ኒት ቪዲዮ ያሉ ፕለጊኖች ኖይዙን የሚማሩት ምንም ዝርዝር ከሌለበት ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ፍሬሙ በሙሉ ጥልፍና ጥምጣም ከሆነ እንዲህ ያለ ቦታ አያገኙም፤ ጥልፉንም ከኖይዙ ጋር ይጠርጉታል።

ደረጃ 9፦ ሪዞልቭ ውስጥ በቅደም ተከተል አጽዱ

ሀ. ከለር ገጽ ላይ ካሜራ ራው ውስጥ ገብታችሁ መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን አውርዱ። ከመጠን በላይ አብርታችሁ የቀረጻችሁት ካለ ጥቅሙን የምታገኙት አሁን ነው።

ለ. የመጀመሪያውን ኖድ (አንድ የማስተካከያ ደረጃ የሚይዝ ሳጥን) ለኖይዝ ቅነሳ ብቻ መድቡት። ኮንትራስትና ሻርፕነስ ከእሱ በኋላ ይምጡ። ቀድመው ከመጡ ነጠብጣቡን አሹለው ያቀርቡታል፣ ሶፍትዌሩም የምስሉ ዝርዝር ነው ብሎ ያቆየዋል።

ሐ. ስቱዲዮ ካላችሁ በቴምፖራል ጀምሩ። ይህ ጎረቤት ፍሬሞችን አነጻጽሮ ያማካክላል። ፍሬሞቹን 2 ብታደርጉት ከፊትና ከኋላ ያሉትን ጨምሮ 5 ፍሬም ይመለከታል፤ ባልተንቀሳቀሰ ቦታ ላይ ኖይዙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ትራይፖድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ካሜራው ሲንቀጠቀጥ ያልተንቀሳቀሰ ቦታ አይኖርም። ሉማና (ብርሃኑን) ክሮማውን (ቀለሙን) ለያዩ፤ ሉማውን ከ5 ጀምሩ፣ ክሮማውን ከእሱ እጥፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ዓይን የቀለም ነጠብጣብን ቶሎ ይጠላል፣ ደቃቅ የብርሃን ነጠብጣብን ግን ይታገሳል።

መ. የቀረ ካለ ስፔሻል (Spatial፣ በአንዱ ፍሬም ውስጥ ብቻ የሚያጸዳው) ጨምሩ፣ ጥቂት ብቻ። በዛ ካለ ሽማግሌው ግንባራቸው የሰም ምስል ይመስላል። ጢምና የነጠላ ጥበብ ላይ መቶ በመቶ አቅርባችሁ እዩ፤ ክሩ ከጠፋ አልፋችኋል።

ነጻውን ሪዞልቭ የምትጠቀሙ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ የሉም፣ ግን የቀለሙን ነጠብጣብ በሌላ መንገድ ታወጣላችሁ። አንድ ኖድ ጨምሩና በቀኝ ክሊክ የቀለም ስፔሱን ዋይዩቪ አድርጉ። ከዚያው ዝርዝር ቻናሎች ውስጥ 1ን አጥፉ፤ እሱ የብርሃኑ ቻናል ነው፣ ዝርዝሩን የያዘው እሱ ስለሆነ መነካት የለበትም። አሁን ብለሩን (ማደብዘዣውን) ከ0.50 ወደ 0.60 ገደማ ከፍ አድርጉ። የደበዘዘው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ጉንጩ ላይ ይዘል የነበረው ቀይና ሰማያዊ ሲረጋ ዓይንና ቅንድብ እንደነበሩ ይቀራሉ። የከንፈር ቀለም ወደ ጥርስ መፍሰስ ከጀመረ ቀንሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴምፖራልን ካበዛችሁ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ያስከትላል። የጸናጽሉን እጅ በዝግታ እያሳለፋችሁ ፈትሹ። ሁለት ጸናጽል ካያችሁ ፍሬሙን ወደ 1 መልሱ።

ደረጃ 10፦ ኤክስፖርት

በ1080 የምታስረክቡ ከሆነ 4ኬ መቅረጻችሁ እዚህ ይክሳችኋል። አራት ፒክስል ወደ አንድ ሲጠቃለል ኖይዙ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለዩቲዩብ ግን 4ኬውን ራሱን ጫኑ፤ ለ4ኬ ከፍ ያለ ቢትሬት ስለሚሰጥ ጨለማው ቦታ በሳጥን በሳጥን አይቆራረጥም። አጽድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግድግዳው ላይ የብርሃን ቀለበት ከታየ በጣም ደቃቅ ግሬን መልሳችሁ ጨምሩ። አጥፍታችሁ መልሳችሁ መጨመራችሁ አይግረማችሁ፤ እኩል የተሰራጨ ደቃቅ ግሬን ቀለበቱን ይደብቃል፣ የመጀመሪያው የተዥጎረጎረ ነበር።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- 1000 አይኤስኦ ላይ መቆም፣ «ከፍ ካለ ኖይዝ ይመጣል» በሚል ፍርሃት። የዚህ ካሜራ መጥፎው ቁጥር እሱ ነው።
- «ራው ስለሆነ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ 3 ስቶፕ ጨለማ መቅረጽ። ራው ያልደረሰውን ብርሃን አይፈጥርም።
- ለተከታታይ ክሊፖች አንዱን በ1000 ሌላውን በ3200 መቅረጽ። የኖይዙ መልክ ስለሚለያይ ሲቆራረጥ ያስታውቃል፣ ሪዞልቭ ውስጥም ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው አትሻገሩም።
- ኖይዙን በስልክ ስክሪን መፈተሽ። በትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምራል። ደንበኛው በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

ቀድሞ የተበላሸ ቀረጻ በእጃችሁ ካለ

«ሠርጉ አልፏል፣ አሁን ምን ላድርግ?» ለምትሉ፦ ጥላውን ለማዳን መታገል አቁሙ። ሊፍቱን (የጥላውን ብርሃን የሚቆጣጠረውን) ዝቅ አድርጋችሁ ጥቁሩን ጥቁር አድርጉት፤ ኖይዙ በብዛት ያለው እዚያ ነው፣ ጨለማው ውስጥ አብሮ ይሰጥማል። በጥላው ላይ ያለውን የቀለም ሳቹሬሽን ብቻ ቀንሱ። ክሊፑን አታቅርቡት፤ 4ኬውን ወደ 1080 አውርዱት እንጂ ክሮፕ አታድርጉ። ሰማያዊው ቻናል ጨርሶ ከሞተ ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ሞኖክሮሙን ስትሠሩም ሰማያዊውን ዜሮ አድርጋችሁ ከቀይና ከአረንጓዴው ብቻ ቀላቅሉት።